ሙዙ ውስጥ የተገኘው እንሰት

ዲኤንኤ አይዋሽም ይባላል። ይዋሻል። ከባለቤቴ ጋር ከኖርኩት ይልቅ ከእሱ ጋር የኖርኩት ዘመን ስለሚበልጥ አመሉን አውቃለሁ። ያቀረብክለትን ያነባል። ያቀረብክለት ነገር የተበላሸ ከሆነ ብልሽቱን ፊደል በፊደል፣ ያለ አንዳች እፍረት አንብቦ ይሰጥሃል። አንተም እውነት አገኘሁ ብለህ ማኅተም ታስመታበታለህ።

ከላቦራቶሪ ሥራ የወጣሁት ባለፈው ዓመት ነው። ጡረታዬን ቀደም አድርጌ ስጠይቅ ማመልከቻዬ ላይ «የዓይን ድካም» ብዬ ጻፍኩ። ዓይኔ ደህና ነው፤ የሰለቸኝ የሥራው መልክ መለወጡ ነው። ድሮ ቅጠሉን እንቀጥፋለን፣ እናደርቃለን፣ እንፈጫለን፣ ሽታው ልብሳችን ላይ ይቀራል። አሁን ደረቁ ቅጠል በፖስታ ታሽጎ ባሕር ማዶ ይሄዳል፣ ንባቡ በኢሜይል ይመጣል፣ ወጣቶቹም ቅጠሉን ሳያዩት ስለ ቅጠሉ ይጽፋሉ። አልወቅሳቸውም። እኔ ግን ያልነካሁትን ነገር አላምንም።

ጡረታ መውጣቴ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈሬ ውስጥ ሲሰማ እንግዳ በዛብኝ። «ሰብለ፣ የእኔን ዘር አታነቢልኝም?» ይሉኛል። ከማን እንደተወለዱ ማወቅ የሚፈልጉ እንዳይመስልህ። የሚፈልጉት ከማን እንዳልተወለዱ የሚመሰክር ወረቀት ነው። አንዱ ጎረቤቴ፣ የተማረ ሰው፣ የእሱ ጎሳ ከታች ሰፈር ካለው ጎሳ ጋር በጭራሽ እንደማይገናኝ እንዳረጋግጥለት ጠየቀኝ።

«ከሙዝ ጋር እንኳ ትገናኛለህ» አልኩት።

«ሰደብሽኝ?»

«ሙዙ ቅር ካላለው አንተን ምን ቅር አሰኘህ?»

እስከ ዛሬ ሰላምታው ቀዝቃዛ ነው። የነገርኩት ግን ቀልድ አልነበረም። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ የሚጻፈው በአንድ ዓይነት ፊደል ነው፤ መመሳሰሉ የት ድረስ እንደሚሄድ መከተል ደግሞ ሥራዬ ነበር። ይሁንና የሥራ ዘመኔን ሳስብ ፊቴ ላይ የሚደቀነው የሰው ዘር አይደለም። የወይዘሮ አስቴር የሙዝ ማሳ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ምዕራብ ዓባያ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ የወባ ደም በማየት ነው። ደመወዙ ስለ እሱ ለመጻፍ የሚያበቃ አልነበረም። ወይዘሮ አስቴር ያኔ በራችን ላይ ሙዝ በጉልት ይሸጡ ነበር። ኋላ ከባለቤታቸው ጋር ወደ ሐይቁ ወረድ ብለው መሬት አቀኑ፤ ሙዛቸው በአይሱዙ ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባ ጀመር። ልጆቻቸውን ያስተማሩት፣ ቤት የሠሩት፣ ለጸሎት ቤታቸው ቆርቆሮ ያዋጡት ከዚያ ማሳ ነው። ሌላ ምንም የላቸውም። አፋቸውን የፈቱት በጋሞኛ ስለሆነ በአማርኛ ሲያወሩ ሴትና ወንድ አይለዩም። ሲቆጡኝ «አንተ» ነኝ፣ ሲወዱኝም «አንተ» ነኝ። ለምጄዋለሁ፣ ደስም ይለኛል።

ከዚያ አርባ ምንጭ ወዳለ አንድ የሰብል ላቦራቶሪ ተዛወርኩና ጋሽ አንጁሎ እጅ ገባሁ።

ጋሽ አንጁሎ ከጋሞ ደጋ፣ የኦቾሎ ሰው፣ የሸማኔ ልጅ ናቸው። ቁመታቸው አጭር ነው፤ ትዕግሥታቸው ደግሞ ከቁመታቸው ያጥራል። የፈሳሽ መለኪያዋን፣ ፒፔቷን፣ ከያዙ አያወሩም፣ ሌላም ሰው እንዲያወራ አይፈቅዱም፤ የሚያወራ ሰው ትንፋሹን ቱቦው ውስጥ ይጨምራል ይላሉ። ቅጠል የሚቆርጡበትን ምላጭ ከአንዱ ናሙና ወደ ሌላው ሲያልፉ በአልኮል መብራት ነበልባል ያሳልፉታል፤ ዝም ብሎ ማበስ አይበቃቸውም። ከእያንዳንዱ ዙር ጋር ውሃ ብቻ ያለበት አንድ ቱቦ ማሽኑ ውስጥ ያስገባሉ። ባዶው ቱቦ ውስጥ ዲኤንኤ ከተገኘ የዕለቱ ሥራ በሙሉ ወደ ቆሻሻ ቅርጫት ይሄዳል። ያለቀስኩበት ቀን አለ። «እንባሽም ዲኤንኤ አለው፣ ወደዚያ ራቂ» ነው ያሉኝ።

ከሁሉ በላይ የማይተዉት አንድ ልማድ ነበራቸው። ስለ በሽታው ከመጠየቃቸው በፊት ተክሉን ማን እንደሆነ ይጠይቁታል። ከሙዝ ውስጥ ባክቴሪያ ለመፈለግ ቢነሱ መጀመሪያ የሙዙን የራሱን ዲኤንኤ ይፈትሻሉ። «ሙዝ ነው ተብሎ ስለመጣ ሙዝ ነው ማለት ነው? ስሙን የጻፈበት ሰው ነው» ይላሉ።

መመሳሰል ዝምድናን እንዴት እንደሚያሳይ ያስረዱኝ በመጽሐፍ አይደለም። አንድ ቀን ሁለት ነጠላ ይዘው መጡና ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ።

«ምን ያመሳስላቸዋል?»

«ሁለቱም ነጭ ናቸው።»

«ነጭማ ማንም ይሸምናል። ሌላስ?»

«የሁለቱም ጠርዝ አይተረተርም።»

«የሚተረተር ነጠላ ማን ይገዛል? ገዢ ስለሚፈልገው ሸማኔ ሁሉ ይማረዋል። የሚጠቅም ነገር ከየትም ሊመጣ ይችላል። ይልቅ እዚህ ጋ እዪ።»

ጥለቱ ጫፍ ላይ አንድ ክር መግባት ከነበረበት ቦታ ዘሏል። በሁለቱም ነጠላ፣ እዚያው ቦታ ላይ።

«አባቴ ግራ እጁ ላይ አንድ ጣት ጎድሎት ነበር» አሉ። «እዚያ ሲደርስ ክሩን መያዝ ስለማይችል ይዘለው ነበር። ከእሱ የተማሩት ጣታቸው ሙሉ ነው፤ ግን ይዘላሉ። ከእነሱ የተማሩትም ይዘላሉ። ሽሮ ሜዳ ገበያ ላይ ባየው ይህ ጨርቅ ከየትኛው ቤት እንደወጣ እነግርሻለሁ። ለምንም የማይጠቅም፣ ማንም ሆን ብሎ የማያደርገው ስህተት ሁለት ቦታ ላይ ካገኘሽ ሁለቱ ከአንድ እጅ ወጥተዋል ማለት ነው። ገባሽ?»

ገባኝ። ከዚያ ወዲህ የሙዝንና የእንሰትን ንባብ ጎን ለጎን ስዘረጋ የማየው የአባታቸውን ጣት ነው። አራት ፊደላት ብቻ በረጅም መስመር ይሰለፋሉ። ሙዝና እንሰት ለረጅም መንገድ አብረው ይሄዳሉ፣ አንድ ቦታ ይለያያሉ፣ እንደገና ይገናኛሉ። በቆሎን ከሥራቸው ብታስገባው ቶሎ ቶሎ ይለያል። ደግሞ ምንም ሥራ በማይሠራው የዲኤንኤ ክፍል ውስጥ ሙዝና እንሰት አንድ ዓይነት ጉድለት በአንድ ቦታ ላይ ተሸክመዋል፤ በቆሎው የለበትም። የዘለለው ክር ማለት ይህ ነው። አንዲት የጥንት እናት ነበረቻቸው። ልጆቿ ተለያዩ፤ አንዱ ፍሬውን ሲያጣፍጥ ሌላው ግንዱንና ሥሩን አወፈረ። ፈረንጆች እንሰትን «የውሸት ሙዝ» ይሉታል። ቆጮ በልቶ ላደገ ሰው የውሸቱ ሙዙ ነው።

ዘመዳሞች ግን ፊደል ብቻ አይጋሩም። ደጋ ላይ እንሰትን የሚያጠወልገው ባክቴሪያ ሙዝንም ይገድላል። መድኃኒት የለውም። የታመመው ተነቅሎ ይቀበራል፣ ያልተነካው ይጠበቃል፣ ሌላ ነገር የለም። ስለዚህ የወይዘሮ አስቴር ሙዝ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ የተባለ ዕለት ቢሮው ውስጥ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ከወንበሩ ተነሣ።

ጋሽ አንጁሎ ያኔ ጡረታ ወጥተው ኦቾሎ ገብተዋል። በቦታቸው የመጣው ዶክተር ፍሬው በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፤ እኔ «አንተ» እለዋለሁ፣ እሱ «እርስዎ» እያለ ያስረጀኛል። ሰነፍ አልነበረም፣ ክፉም አልነበረም። ችኩል ነበር። ሹፌራችን ታሪኩ ናሙና መሰብሰብም ስለሠለጠነ እሱን ላከው። ታሪኩ መጀመሪያ ኦቾሎ ወጥቶ ከታመመ እንሰት ወሰደ፣ ከዚያ በዚያው ጉዞ ምዕራብ ዓባያ ወርዶ ከወይዘሮ አስቴር ማሳ ወሰደ።

ምርመራው ሲወጣ ባክቴሪያው በሁለቱም ውስጥ ነበር። ንባባቸው ፊደል በፊደል አንድ ነው።

«ወረደ» አለ ዶክተር ፍሬው። «በሽታው ቆላ ወረደ። ዛሬውኑ ለዞኑ እንጽፋለን።»

«መጀመሪያ ተክሉን እንጠይቀው።»

«ምን ብለን?»

«ሙዝ ነህ ወይ ብለን።»

ሳቀ። «ሰብለ፣ እርስዎ ሙዝ አይተው አያውቁም? ከሙዝ ማሳ እኮ ነው የመጣው።»

«የመጣው በመኪና ነው። መንገድ ላይ ምን እንደነካው አላየሁም።»

«ባዶው ቱቦ ንጹሕ ነው። አይበቃዎትም?»

«ባዶው ቱቦ መኪናው ላይ አልተሳፈረም።»

«ኬሚካሉ እያለቀ ነው። በሽታው እየተዛመተ እኔ የተክል ስም እየጠየቅኩ ልቀመጥ?»

ተሸነፍኩ። ጥሩ ክርክር ነበር፤ የተሳሳተ ክርክር ብዙ ጊዜ አሳማኝ ነው። ደብዳቤው ወጣ። የዞኑ ሰዎችም ማሳው በሙሉ ይቆረጥ ብለው ወሰኑ፤ በእጃቸው የነበረው የእኛ ወረቀት ብቻ ስለሆነ አልፈርድባቸውም።

እኔ ግን ከቀረው ኬሚካል ላይ ማንንም ሳላስፈቅድ ቆረስኩና ተክሉን ጠየቅኩት። ሙዝንና እንሰትን የሚለይ አጭር ፈተና አለን። ውጤቱን ብርሃን ላይ ሳየው ከምዕራብ ዓባያው ናሙና ሁለት መስመር አበራ፤ አንዱ የሙዝ፣ ሌላው የእንሰት። ሙዙ ውስጥ እንሰት ነበረ።

ታሪኩን መኪናውን ሲያጥብ አገኘሁት።

«የምዕራብ ዓባያውን ናሙና በምን ጠቀለልከው?»

«በኮባ ነዋ። የወረቀት ከረጢቱ ኦቾሎ ላይ አለቀብኝ። በፌስታል ባደርገው በዚያ ሙቀት ይበሰብስ ነበር።»

«ኮባውን ከየት አመጣኸው?»

«ናሙና ከወሰድኩበት ጓሮ ነው። ባለቤቷ ቆርጣ ሰጠችኝ። ምነው፣ አጠፋሁ?»

የጋሞ ደጋ ልጅ ነው። ደጋ ላይ ቅቤ በእንሰት ቅጠል፣ በኮባ፣ ይጠቀለላል፤ አይብም ቆጮም እንዲሁ። ከኮባ የተሻለ ቀዝቃዛና ንጹሕ መጠቅለያ ማንም አያውቅም። ታሪኩ ናሙናችንን እንደ እናቱ ቅቤ ተጠነቀቀለት። ዘመድን በዘመድ ጠቅልሎ አመጣልን፤ የታመመው መጠቅለያው ነበር። በቂ ከረጢት ያልሰጠነው እኛ ነን፣ ያልጠየቅነውም እኛ ነን።

ውጤቱን ዶክተር ፍሬው ጠረጴዛ ላይ አኖርኩለት። አነበበው። «ቆራጮቹ ጠዋት ገብተዋል» አለ ቀና ሳይል። ከታሪኩ ጋር በረርን።

ስንደርስ የማሳው ግማሽ መሬት ላይ ተጋድሟል። ወይዘሮ አስቴር ከቆመው መደዳ ፊት ለፊት የፕላስቲክ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። የቆራጮቹ አለቃ ገጀራውን ከኋላው ደብቆ ይለማመጣቸዋል።

«እማማ፣ ይነሡልን። ትዕዛዝ ነው።»

«ትዕዛዙን ቁረጠው። ሙዜን ተወው።»

«እኛ እኮ ተልከን ነው።»

«እኔን ማንም አልላከኝም፣ እዚሁ ነኝ» አሉና እኔን አዩኝ። «አንተ! ደሜን አይተህ ወባ የለህም ስትለኝ አምኜህ ቤቴ አልገባሁም? ዛሬ ሙዜን መጥተህ ሳታይ በሽታ አለው አልክ!»

«ተሳስተናል፣ ወይዘሮ አስቴር።»

«ተሳስተናል!» ወደ ተጋደመው ሙዝ እያመለከቱ፣ «ለእሱ ንገረው። እኔ በሕይወት አለሁ።»

ስልኬን ለአለቃው ሰጠሁት። ዶክተር ፍሬው ነበር። «አቁሙ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ የማነሣውም እኔ ነኝ» ሲል ለሁላችንም ተሰማ። ይህን ለማለት ሐሞት ያስፈልጋል፤ ችኩልነቱን ስጽፍ ይህንንም መጻፍ አለብኝ። ቆራጮቹ ገጀራቸውን መሬት ላይ አኖሩ። ቅጠሉን ቢጫ ያደረገው ሐይቁ ገፍቶ ሥሩ ውስጥ የተኛው ውሃ ነበር። ቦይ ሲቀደድለት የቆመው ግማሽ አረንጓዴ ሆነ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እኔም ደስ ብሎኝ ጡረታ በወጣሁ።

ወራት ቆይቶ ወይዘሮ አስቴር ደወሉልኝ። ድምፃቸው ቁጣ የለውም፤ ያ አስደነገጠኝ። ቆራጮቹ ባቆሙበት ጠርዝ ላይ ያሉት ሙዞች መጠውለግ ጀምረዋል። ራሴ ሄድኩ። አንዱን ግንድ ስቆርጠው ከቁርጡ ላይ ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ ወጣ። የደጋ እንሰት ላይ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። በወረቀት ከረጢት ወሰድኩ፤ ምላጬን ከግንድ ወደ ግንድ ነበልባል አስነካሁ። ላቦራቶሪ ስደርስ መጀመሪያ ተክሉን ጠየቅኩት። ሙዝ ነኝ አለ፤ ንጹሕ ሙዝ፣ እንሰት የሌለበት። ከዚያ ባክቴሪያውን ፈለግኩ። አለ።

በዚህ ጊዜ የመጀመሪያው ደብዳቤያችን ልክ ሆኖ ነበር ለማለት የሞከረ ሰው ነበር። ዶክተር ፍሬው ራሱ ዝም አሰኘውና ረጅሙን ንባብ እንዲሠራልን ወደ ውጭ ላከ። የዚህ በሽታ ባክቴሪያዎች እጅግ ስለሚመሳሰሉ አጭር ቁራጭ ማንበብ የትኛው ከየት እንደመጣ አይለይም። ከተለያዩ የደጋ ቀበሌዎች ከታመመ እንሰት የተወሰደውን ሁሉ አብረን አስነበብን። ሲመጣ ጎን ለጎን ዘረጋሁት። ለምንም የማይጠቅሙ ጥቂት የፊደል ስህተቶች በወይዘሮ አስቴር ሙዝ ባክቴሪያ ውስጥ ነበሩ። እነዚያው ስህተቶች፣ እዚያው ቦታ፣ በኦቾሎው ባክቴሪያ ውስጥ አሉ። በሌሎቹ ቀበሌዎች የሉም። የጎደለው ጣት ነው። ሁለቱ ከአንድ ቤት ወጥተዋል።

ጋሽ አንጁሎ ዘንድ ደወልኩ። ሰምተው ሲጨርሱ፣ «ንባቡ ዝምድናውን ነገረሽ» አሉ። «በማን እጅ እንደመጣ ነገረሽ?»

«አልነገረኝም።»

«አይነግርሽም። ገጀራውን ጠይቂው።»

የቆራጮቹን አለቃ ፈልጌ አገኘሁት። ምንም አልደበቀኝም። ወደ ምዕራብ ዓባያ ከመውረዳቸው በፊት ኦቾሎ ላይ የታመመ እንሰት ሲቆርጡ ነበር የቆዩት።

«ገጀራዎቹን አጠባችኋቸው?»

«አብሰናቸዋል እንጂ» አለ ትንሽ ተቀይሞ። «በኮባ።»

ይህን ለወይዘሮ አስቴር መንገር የእኔ ድርሻ ነበር፤ ለሌላ ሰው ለመስጠትም አልፈለግኩም። ያቺ የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀመጡኝና እሳቸው ቆሙ። ሁሉንም ነገርኳቸው። የእንሰቱ በሽታ ለሙዝም የሚሆነው ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች ስለሆኑ እንደሆነ፣ የመጀመሪያው ወረቀት ስህተት እንደነበር፣ ሁለተኛው ግን ልክ እንደሆነ ነገርኳቸው።

«ቆይ» አሉ። «መጀመሪያ በሽታ አልነበረም።»

«አልነበረም።»

«እናንተ አለ ብላችሁ ሰው ላካችሁ።»

«አዎ።»

«የላካችኋቸው ሰዎች ይዘውት መጡ።»

«አዎ፣ ወይዘሮ አስቴር።»

አልጮኹብኝም። ጠርዙን አዩ፣ የቀረውን መደዳ አዩ። «አሁን የቀረኝን እንዴት ነው የማድነው? እሱን ንገረኝ። ሌላውን በኋላ ከእግዚአብሔር ጋር እንነጋገራለን።»

የታመሙትን በአንድነት ነቅለን ቀበርን። ዶክተር ፍሬው ጫማውን አውልቆ ጉድጓድ ሲቆፍር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ የማሳው በር ላይ ወይዘሮ አስቴር የከሰል ማንደጃ አኖሩ። ቆራጭ ይምጣ ነጋዴ፣ የወንድማቸው ልጅ ከደጋ ይምጣ፣ ቢላው ፍም ውስጥ ሳይገባ እሱ ማሳ ውስጥ አይገባም። ብዙ ሰው ሳቀባቸው። በማሳው ዙሪያ ካሉት አንዳንዶቹ ሙዛቸውን አጥተው በቆሎ ዘርተዋል። የእሳቸው ግማሽ ዛሬም ቆሟል፤ በተጋደመው ቦታ ላይ ደግሞ አዲስ ችግኝ እየተከሉ ነው።

ባለፈው ሰሞን ልጠይቃቸው ሄድኩ። ጡረተኛ ነኝ፣ ናሙና የምወስድበት ጉዳይ የለኝም። ቦርሳዬ ውስጥ ግን ከልማድ የማትወጣ ትንሽ ቢላ አለች፤ ይህን ያውቃሉ። በሩ ላይ እጃቸውን ዘረጉ።

«አምጣ።»

«እኔ እኮ ነኝ።»

«አንተማ ነህ፣ ለዚህ ነው» አሉና ቢላዋን ፍሙ ላይ ጣሏት። እስክትግል አብረን ቆመን ጠበቅን።

አንተ ይህን የምታነብ ሰው፣ ደጋ ላይ የአያትህ እንሰት ይኖርሃል፣ ቆላ ላይ ሙዝ ያለው አጎት ይኖርሃል፣ ወይም በሁለቱ መካከል በአይሱዙ ትመላለሳለህ። ከማን ጋር እንደማትዛመድ እንዳረጋግጥልህ ወደ እኔ አትምጣ። ይልቅ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ስትሻገር ቢላህን አውጣና እሳት ውስጥ አግባው። በኮባ አትጥረገው፣ በሱሪህ አትጥረገው። እሳት ከሌለህ ከበሩ ውጭ ቁም።